ጊዜ ያለው አናጺ፦ ስለ ባሕር ዛፍ፣ ስለ ማድረቅና ስለ ቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ

መነሻ

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ ለእናቴ አንድ የምግብ ጠረጴዛ ሠራሁ። የሥራው ቦታ በወላጆቼ ግቢ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ጥላ ነበር። መሣሪያዎቼም አንድ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ሁለት መሮና ከጎረቤት የተዋስኩት ሞርሳ ነበሩ። ጣውላው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ከመሸጫው በተገዛ በሳምንቱ ተላገ፤ ጎን ለጎን በኮላ ተጣበቀ፤ ከሥሩም በሁለት አግዳሚ ሞራሌዎች ላይ በኮላና በሚስማር ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ቫርኒሽ ሲቀባ ከሱቅ ዕቃ የሚያንስ አይመስልም ነበር። በጥር ወር ግን ገጹ በሁለት ቦታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። እናቴ ስንጥቁን በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይኼ እንጨት ዛፍነቱን ገና አልረሳም» አለች።

ያሳፈረኝ የጠረጴዛው መሰንጠቅ ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በደን ሳይንስ ጨርሼ ሥራ እፈልግ ነበር። እንጨት እርጥበት ሲያጣ በየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚሸበሸብ የሚጠይቅ ፈተና ተፈትኜ፣ በትክክል መልሼ፣ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ይሁን እንጂ የፈተናው ዕውቀት በእንግሊዝኛ ቋንቋ በደብተር ውስጥ ቀርቶ፣ መጋዙን የያዘው እጄ ስለ እርሱ የሰማው ነገር አልነበረም። ይህ አስተያየት የተጻፈው ከዚያ እፍረት ተነሥቶ ነው።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ባሕር ዛፍ ለቤት ዕቃ አይሆንም የሚለው የተለመደ ፍርድ ከዛፉ ጠባይ ይልቅ የሚመነጨው ካለመጠበቅ ነው። ይህን እንጨት በአግባቡ ለማድረቅ የሚያስፈልገው ትልቁ ግብዓት ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ ለገበያ ከሚሠራው አናጺ ይልቅ ያለው በቤቱ ለራሱ ለሚሠራው አማተር ነው። ስለዚህ የቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ እንደ ተራ ማሳለፊያ ከመታየት አልፎ፣ የምርምር ውጤት በተግባር የሚፈተንበት ስፍራ ሆኖ ሊታይ ይገባል።

ጠረጴዛው ለምን ተሰነጠቀ?

በእንጨት ሳይንስ የእርጥበት መጠን የሚባለው በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ክብደት ለፍጹም ደረቅ እንጨቱ ክብደት ተካፍሎ በመቶኛ ሲገለጽ ነው። አዲስ በተቆረጠ ዛፍ ውስጥ ውኃው በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው በሕዋሶቹ ክፍት ቦታ ያለው ነጻ ውኃ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሕዋሶቹ ግድግዳ ውስጥ የተያዘው ነው። ነጻው ውኃ ሲወጣ እንጨቱ ይቀልላል እንጂ መጠኑ ብዙም አይለወጥም። የእርጥበት መጠኑ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን ግድግዳዎቹ ራሳቸው ውኃቸውን መልቀቅ ይጀምራሉ፤ መሸብሸብም ከዚያ ይነሣል።

መሸብሸቡ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቃጫው ርዝመት በኩል ያለው ለውጥ ከሺህ አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ በመሆኑ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። ከግንዱ መሐል ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ያለው ለውጥ የሚታይ ነው። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ ያለው ደግሞ የዚህ እጥፍ ያህል ይሆናል። በነጭ ባሕር ዛፍ ይህ የመጨረሻው መሸብሸብ ከ10 በመቶ ሊያልፍ ይችላል።

የእናቴን ጠረጴዛ ለምሳሌ እንውሰድ። ገጹ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። ጣውላው ሲጣበቅ 25 በመቶ እርጥበት እንደነበረው፣ በጥር ወር ወደ 10 በመቶ እንደወረደ፣ ጠቅላላ መሸብሸቡም 12 በመቶ እንደሆነ እናስብ። መሸብሸቡ ከ30 በመቶ እስከ ዜሮ ባለው ክልል የሚከፋፈል በመሆኑ፣ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የእርጥበት ለውጥ 0.4 በመቶ ይደርሰዋል። የ15 በመቶ ለውጥ 6 በመቶ መሸብሸብ ያስከትላል፤ ይህም በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ 3.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥር ያሰርኳቸው አግዳሚ ሞራሌዎች ግን ቃጫቸው በገጹ ስፋት በኩል የተዘረጋ ስለነበር፣ በዚያ አቅጣጫ ከአንድ ሚሊ ሜትር የበለጠ ሊያጥሩ አይችሉም። ገጹ ሊጠብ ፈለገ፤ ሞራሌዎቹ በኮላና በሚስማር ይዘው ከለከሉት። ከዚህ በኋላ ገጹ ከመሰንጠቅ በስተቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ባጠበቅሁት መጠን ስብራቱን አረጋገጥሁ ማለት ነው።

የዓመቱ ወቅቶች መፈራረቅም የራሱ ድርሻ አለው። እንጨት ደርቆም ቢሆን ከአየሩ ጋር እርጥበት መለዋወጡን አያቆምም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 80 በመቶ በሆነበት ወቅት እንጨት ወደ 16 በመቶ አካባቢ ይረጋጋል፤ አየሩ ወደ 50 በመቶ ሲወርድ ደግሞ እንጨቱ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። በነሐሴ ጭጋግ የተገጠመ ዕቃ የጥርን ፀሐይ ሳያይ ጠንካራ ነው ሊባል አይችልም።

የባሕር ዛፍ ስምና ግብር

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ አዲሲቱን ዋና ከተማ የገጠማትን የማገዶና የግንባታ እንጨት እጥረት ለመወጣት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሰጠው ማዕረግ የማገዶና የአጣና ነበር፤ እስከ ዛሬም ከዚያ ብዙ አላለፈም። ለአልጋ፣ ለቁም ሣጥንና ለበር በሕዝብ ዘንድ የተከበረው ዋንዛ ነው። ይህ ክብር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ደረቅ የዋንዛ እንጨት በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም አካባቢ የሚመዝን ቀላል እንጨት ነው፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፤ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ነጭ ባሕር ዛፍ ግን ከ700 ኪሎ ግራም የሚበልጥ፣ መጋዝ የሚያደክም፣ ሲደርቅም የሚያምፅ ነው።

ነገር ግን ዋንዛ እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን አልፏል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን በስም ለይቶ ከመቆረጥ ለመጠበቅ መሞከሩ፣ ችግሩ ያን ጊዜም ግልጽ እንደነበረ ያሳያል። ዛሬ አንድ አማተር ዋንዛ ሲገዛ እንጨቱ ከአርሶ አደር ማሳ ይምጣ ወይም ከተፈጥሮ ደን ለማወቅ የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው። ባሕር ዛፍ ግን አርሶ አደሩ ራሱ የተከለው፣ የሚሸጠውና መልሶ የሚያበቅለው ዛፍ ነው። በቤታችን የምንሠራው ዕቃ ከየትኛው ዛፍ እንደሚወጣ መምረጥ ከመልክና ከምቾት በላይ የሆነ ጥያቄ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

«ባሕር ዛፍ ለዕቃ አይሆንም» ለሚለው አባባል አንድ ተቃራኒ ምስክር ከዛፉ የትውልድ አገር እናገኛለን። ነጭ ባሕር ዛፍ በተፈጥሮው የሚበቅለው በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያና በታዝማኒያ ደሴት ነው። በዚያው አካባቢ የሚገኙ ሦስት ሌሎች የባሕር ዛፍ ዝርያዎች «የታዝማኒያ ኦክ» በሚል የንግድ ስም ለወለል፣ ለደረጃና ለቤት ዕቃ ይሸጣሉ። እነዚህ ዝርያዎች ከእኛው ነጭ ባሕር ዛፍ ጋር አንድ አይደሉም፤ ሆኖም ሲደርቁ የመሸብሸብና የመጨማደድ ጠባይ የሚጋሩ ዘመዶቹ ናቸው። በዚያ አገር እንጨቱ በመጀመሪያ በዝግታ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ የተጨማደደውም በእንፋሎት መልሶ ይቀናል። ከዘመዶቹ የተገኘው ይህ ልምድ፣ አስቸጋሪ ጠባይ ያለው እንጨት ሁሉ ወደ ማገዶ መሄድ እንደሌለበት ያመለክታል።

ጊዜ ያለው ማን ነው?

ጠረጴዛው በተሰነጠቀ ጊዜ በሰፈራችን ለረጅም ዘመን በአናጺነት ወደሚታወቁ አንድ አባት ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ባሕር ዛፍ መግዛቴ ነው ጥፋቴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ስንጥቁን በዝርዝር ከነገርኳቸው በኋላ፣ «ልጄ፣ በእንጨቱ አትፍረድ፤ ያልጠበቅኸው አንተ ነህ» አሉኝ። «እርስዎስ ይጠብቃሉ?» ስላቸው ሳቁና፣ «እኔ ዓመት ሙሉ እንጨት ከምሬ ብቀመጥ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ደንበኛው ቀብድ የሰጠኝ ለሠርጉ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ በኋላ ካነበብኋቸው ጽሑፎች ሁሉ የችግሩን ሥር በዚህ ግልጽነት ያሳየኝ የለም። ጉዳዩ የዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። እኚህ አናጺ ስለ እንጨት መድረቅ ከእኔ የሚያንስ ዕውቀት የላቸውም። የጎደላቸው የሚያስጠብቅ አቅም ነው። የተከመረ ጣውላ የታሰረ ገንዘብ ነው፤ የተከራዩት ቦታ በየወሩ ይከፈልበታል፤ ደንበኛውም ቀን ቆርጦ ይጠብቃል። ዘመናዊ የማድረቂያ ክፍል ያላቸው ትልልቅ ድርጅቶች ይህን ጊዜ በነዳጅና በኤሌክትሪክ ይገዙታል። ትንሹ አናጺ ግን ጊዜውን ሊገዛውም ሊጠብቀውም አይችልም። ስለሆነም እርጥብ እንጨት ይሠራል፤ ዕቃው ይሰነጠቃል፤ ደንበኛው በባሕር ዛፍ ይፈርዳል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ከውጭ የገባ ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ ይመርጣል።

አማተሩ ከዚህ አዙሪት ውጭ ነው። ቀብድ አልተቀበለም፤ የሥራ ቦታ ኪራይ አይከፍልም፤ መተዳደሪያውም ሌላ ነው። በንግድ ዓይን ሲታይ ድክመት የሚመስለው ዝግታው ለባሕር ዛፍ የሚያስፈልገው ብቸኛ መድኃኒት ሆኖ ይገኛል። አማተር የእንጨት ሥራ በአገራችን ቁም ነገር አለው ብዬ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው። አማተሩ የባለሙያውን ጥበብ ላያህል ይችላል፤ ነገር ግን ባለሙያው ሊከፍለው የማይችለውን ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

ነባሩ ጥበብ የሚያስተምረው

እንጨት የሚንቀሳቀስ መሆኑን አባቶቻችን ከላቦራቶሪ አልተማሩትም። የጠፍር አልጋን አሠራር ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። አራት እግሮች ይበሳሉ፤ አግዳሚዎቹ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባሉ፤ መኝታው ደግሞ ከቆዳ በተቆረጠ ጠፍር ይጠለፋል። በዚህ አልጋ ላይ በኮላ የተያዘ ሰፊ የጣውላ ገጽ የለም። ጠባብ አግዳሚዎች በወርዳቸው ቢሸበሸቡ የሚያደርሱት ጉዳት ትንሽ ነው፤ በርዝመታቸው ደግሞ አያጥሩም። ጠፍሩ ቢላላ መልሶ ይወጠራል።

የጅማ በርጩማም ሌላ መልስ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ በመሆኑ መገጣጠሚያ የለውም፤ መገጣጠሚያ በሌለበትም አንዱ ክፍል ሌላውን አስሮ የሚያሰነጥቅበት ምክንያት ይቀንሳል። ሁለቱም ዕቃዎች አንድ ትምህርት ያስተላልፋሉ፦ እንጨቱን ከማሰር ይልቅ መንቀሳቀሻ መስጠት ይሻላል። ይህን ትምህርት የረሳነው የአውሮፓን ሰፊ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን ቅርጹን ብቻ ወስደን፣ ከቅርጹ ጋር የነበረውን የመንቀሳቀሻ ዘዴ ሳንወስድ በመቅረታችን ይመስለኛል። በዚያ አሠራር ሰፊ ገጽ ከሥሩ ከሚይዘው አግዳሚ ጋር የሚያያዘው በሞላላ ቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍ ብሎን ነው፤ መሐሉ ብቻ ይጠብቃል፤ ጎንና ጎኑ ወዲያና ወዲህ እንዲል ይተዋል። ለኔ ጠረጴዛ ይህ ብቻ ቢደረግለት ኖሮ ገጹ ይጠብብ ነበር እንጂ አይሰነጠቅም ነበር።

በቤት ውስጥ የሚቻለው

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ከተሰነጠቀ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ወር፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ስምንት የነጭ ባሕር ዛፍ ጣውላዎች ገዛሁ። የተከተልሁት አሠራር በእንጨት ቴክኖሎጂ መማሪያዎች ሁሉ የሚገኝ፣ ማንኛውም ሰው በግቢው ሊፈጽመው የሚችል ነው።

አንደኛ፣ የግንዱ መሐል ያለበትን ጣውላ አልገዛሁም። በባሕር ዛፍ ግንድ ውስጥ ዛፉ ሲያድግ የተጠራቀመ ውጥረት አለ፤ መሐሉን የያዘ ጣውላ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ሁለተኛ፣ የጣውላዎቹን ጫፎች በተገዙበት ቀን በወፍራም ዘይት ቀለም ደፈንኋቸው። ውኃ በቃጫው ርዝመት በኩል ከጎን ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ ያልተደፈነ ጫፍ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ ጣውላዎቹን ከመሬት ከፍ አድርጌ፣ በየመካከላቸው እኩል ውፍረት ያላቸው ደረቅ ዘንጎች አኖርሁ። ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ አለዚያ ጣውላው በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ከላይም ድንጋይ ጫንሁ። አራተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክምሩን በጆንያ ሸፈንሁት። ባሕር ዛፍ ገና ውኃ ሳለ በፀሐይና በነፋስ ቢጣደፍ ሕዋሶቹ ይጨማደዳሉ፤ የጣውላውም ገጽ እንደ ታጠበ ቆዳ ይሸበሸባል።

ለአየር ማድረቅ የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል የሚል ነው። ግምት ግን ልኬትን አይተካም። በቤት ውስጥ ለመለካት ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ከጣውላው ጫፍ ራቅ ብሎ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ መመዘን፣ በ103 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ማድረቅ፣ የጠፋውንም ክብደት ለደረቁ ክብደት ማካፈል ነው። ሁለተኛው ምድጃ ለሌለው ሰው ነው፦ አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መመዘንና ክብደቱ ከሳምንት ሳምንት የማይለወጥበትን ጊዜ መጠበቅ። ክብደቱ ሲረጋ እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ታርቋል ማለት ነው።

ከስምንቱ ጣውላዎች ሁለቱ ተሰንጥቀው ለሌላ ሥራ ዋሉ። በስድስቱ በዓመቱ ኅዳር ሁለተኛውን ጠረጴዛ ሠራሁ፤ ገጹንም በሞላላ ቀዳዳ በሚያልፍ ብሎን አያያዝሁት። ጠረጴዛው አንድ ክረምት አልፎታል፤ በወርዱ ሰፋና ጠበብ ሲል በሜትር ለክቼዋለሁ፤ ስንጥቅ ግን የለበትም። የአንድ ሰው አንድ ጠረጴዛ የምርምር ማስረጃ እንደማይባል አውቃለሁ። ይሁንና ሐሳቡ ሊሞከር የሚገባው መሆኑን ለማሳየት ይበቃል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የቦታ ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ጣውላ የት ይከምራል? ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ ግን ከራሳችን ልማድ ሊገኝ ይችላል። አሥራ ሁለት አማተሮች አንድ ግቢ ወይም አንድ ጥላ ቢጋሩና በየወሩ ተራ የደረሰው ሰው እርጥብ ጣውላ ቢያስገባ፣ ከዓመት በኋላ በየወሩ አንድ ሰው ደረቅ ጣውላ ያወጣል። ይህ የጣውላ እቁብ ነው። በገንዘብ እቁብ የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ይታደላል፤ በጣውላ እቁብ ግን ሁሉም እኩል ይጠብቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ አማተሩ የአናጺውን እንጀራ ይሻማል የሚል ነው። ለራሱ ቤት በዓመት አንድ ወይም ሁለት ዕቃ የሚሠራ ሰው ገበያውን ያጠባል ብዬ አላምንም። ይልቁንም የደረቀ እንጨትን ዋጋ የሚያውቅ፣ «ጣውላው ስንት ወር ተከምሯል?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ይሆናል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲበዛ የሚጠብቀው አናጺ የጠበቀበትን ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። እስካሁን ግን የጠበቀውም ያልጠበቀውም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጤና ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። የእንጨት ብናኝ የካንሰር መንስኤ ከሚባሉት ነገሮች ውስጥ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የተመደበ ነው። ልጆች በሚተኙበት ክፍል ውስጥ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አይገባም። ሥራው በተከፈተ ቦታ፣ አፍና አፍንጫን በሚሸፍን ጭምብል መከናወን አለበት። የቤት ውስጥ ሥራ ማለት ያለ ጥንቃቄ የሚሠራ ሥራ ማለት አይደለም።

ከእኛ የሚጠበቀው

አሁን ወደ መነሻው እፍረት እመለሳለሁ። ስለ አገራችን ዛፎች ክብደት፣ መሸብሸብና አደራረቅ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሲጽፉ ቆይተዋል፤ በወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና በሌሎች ተቋማት መደርደሪያዎች ላይ የተቀመጡት ጥናቶች የዚህ ምስክሮች ናቸው። ጥናቶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ ለመመረቂያ ይቀርባሉ፤ ከዚያም ይቀመጣሉ። መሮ የያዘው እጅ አያገኛቸውም። እኔ ራሴ ፈተናውን አልፌ ጠረጴዛውን የሰነጠቅሁ ሰው በመሆኔ፣ ይህን የምናገረው ሌሎችን ለመክሰስ አይደለም።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው በእንጨት ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጥናት በሁለት ገጽ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች፣ ለአናጺና ለአማተር የሚነበብ ማጠቃለያ እንዲኖረው ነው። ማጠቃለያው የጣውላው ዝርያ፣ ውፍረቱ፣ ለመድረቅ የሚፈጀው ጊዜና የሚጠበቀው መሸብሸብ በግልጽ ቁጥር የሚነገርበት ይሁን። ለማጠቃለያው የሚያስፈልጉን ቃላት ደግሞ ከመዝገበ ቃላት በፊት ከአናጺዎች አፍ የሚገኙ ናቸው፤ ሄደን ብንጠይቅ እኛም እንማራለን።

ሁለተኛው አማተሮች በየቤታቸው የሚመዝኑት ክብደት እንዲሰበሰብ ነው። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ በከፍታና በአየር እርጥበት ይለያያሉ፤ አንድ ዓይነት ጣውላ በአራቱ ከተሞች በእኩል ጊዜ እንደማይደርቅ ይጠበቃል። አንድ ተማሪ በሁለት ዓመት ጥናት በአራቱም ከተሞች ክምር ሊያቆም አይችልም። በየከተማው አሥር አሥር ሰዎች ግን ሚዛንና ደብተር ይዘው በየሳምንቱ ቢጽፉ፣ ምን ጊዜ ተከምሮ ምን ጊዜ እንደሚደርስ የሚናገር ሠንጠረዥ ሊወጣ ይችላል። የኩሽና ሚዛን ስሕተት እንዳለበት፣ ነጩን ባሕር ዛፍ ከቀዩ ያልለየ ሰውም ሊኖር እንደሚችል እሙን ነው። ስሕተቱን ለክቶ ማስላት ግን የተመራማሪው ድርሻ ነው፤ በስሕተት ፍርሃት ልኬቱን መተው አይገባም።

የተሰነጠቀው ጠረጴዛ ዛሬም በእናቴ ኩሽና ውስጥ አለ። ሽንኩርት ይከተፍበታል፤ ጎረቤትም ሲመጣ «ልጄ ሲማር የሠራው ነው» እያለች ታሳያለች። ሁለተኛው ሳሎን ውስጥ ቆሟል፤ ስለ እርሱ ግን ምንም ብላ አታውቅም። በቅርቡ አዲስ የጣውላ ክምር ሳዘጋጅ ከጎኔ ቆማ ዘንጎቹን በመስመር እያስተካከለች፣ «ይኼኛውስ መቼ ይደርሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለከርሞ ጥቅምት» አልኋት። «እንግዲያው አትቸኩል» አለችኝ።